በዘጠና ዓመትም የሚያድግ ነገር አለ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርጅና ነው። ትናንት ጡረታ ስለ ወጣው ሰው አይደለም፤ ሰማንያን አልፈው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስለሚሞቁት አዛውንት ነው። እኛ «እሳቸውማ አበቃላቸው» እንላለን። ጉልበታቸው ደክሟል፣ እውነት ነው። ልቡናቸውስ?

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ከባለቤታቸው ከጆአን ጋር እየተመካከሩ፣ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፍለው አስረድተዋል። በመጨረሻው ደረጃ ሰው የኖረውን ኑሮ ዘወር ብሎ ያያል። «ጥፋትም ልማትም አለበት፤ ቢሆንም የኔ ነው» ብሎ ከተቀበለው ይረጋጋል፤ አለዚያ ተስፋ መቁረጥ ይወርሰዋል። ወይዘሮ ጆአን ግን ራሳቸው ዘጠናን ሲያልፉ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ አዩ። ስለ ዘጠነኛው ደረጃ የጻፉት በ1997 (በአውሮፓ አቆጣጠር ማለታችን ነው) ታተመ። ሰውነት አልታዘዝ ሲል፣ በሕፃንነት የተማርነው ሰውን ማመን እንደገና ይፈተናል። ለመታጠብ እንኳ የሰው እጅ መጠበቅ ቀላል ነው እንዴ? ይህን የሚችሉ አረጋውያን ከራሳቸው ጉዳይ አልፈው ልባቸው ይሰፋል።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። ኪማኒ ማሩጌ በማው ማው ትግል የተሳተፉ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ሲሆን፣ በ2004 ዩኒፎርም ለብሰው ኤልዶሬት አካባቢ አንደኛ ክፍል ገቡ። ዕድሜያቸው 84 ነበር ይባላል። ለምን ቢባሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ሊያነቡ፤ ሰባኪው የሚለው እዚያ መኖሩን ሊያዩ! በ2008 በምርጫው ሁከት ሳቢያ ተፈናቀሉ፤ ናይሮቢ በአረጋውያን መኖሪያ ሆነው መማራቸውን ቀጠሉ። በ2009 ተጠመቁ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ።

እኛ ቤትስ? አያታችን አንዱን ታሪክ ሲደጋግሙ «ሰምተነዋል» ብለን እናቋርጣቸዋለን። ምናልባት የሚደጋግሙት ገና ስላልታረቁት ይሆናል። «ያን ጊዜ ምን ተሰማዎ፣ አባባ?» ብለን ብንጠይቅ ወሬው ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል። መማር ከፈለጉም ፊደሉን ተለቅ አድርገን፣ በቀን ብርሃን፣ ጥቂት ጥቂት እናስቆጥራቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አዛውንቱ ድንገት ሰው መለየት ካቃታቸው ወይም እህል እምቢ ካሉ፣ «እርጅና ነው» ብለን ሳናልፍ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው፤ የሚድን ሕመም ሊሆን ይችላል።