ከአውሮፕላን ፋብሪካ የወጣችው ተርብ

በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውን የማዮን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ራክሻን ያውቃል። ራክሻ የሚሏት እኛ ባጃጅ የምንላት ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ናት። ማዮ በጦርነትና በረሃብ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ለዓመታት የሰፈሩበት ድኻ አካባቢ እንደ መሆኑ፣ ታክሲ ለመክፈል ዐቅም የሌለውን ሕዝብ ከነሸክሙ በጠባቡ የአፈር መንገድ ስታመላልስ የኖረች እርሷ ናት።

ነጂውን ልብ ብሎ ለተመለከተ አንድ ነገር ይታየዋል። የያዘው ክብ መሪ ሳይሆን የሞተር ብስክሌት እጀታ ነው። ማርሹ የግራው እጀታ ሲጠመዘዝ ይገባል፤ ቤንዚኑ በቀኙ ይሰጣል። የፊተኛው ጎማም በሁለት ሹካ መካከል አልገባም፤ ከአንድ ወገን ብቻ በወጣ ክንድ ተይዟል። ይህ አሠራር ከየት መጣ ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በኢጣልያ፣ ፖንቴዴራ በተባለች ከተማ ነው።

የፒያጆ ኩባንያ በ1884 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመርከብ ውስጥ ዕቃ ሠሪ ነበረ። ከዚያ ወደ ባቡር ፉርጎ፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ተሻገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለአራት ሞተር ቦምብ ጣይ እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። (የኢጣልያ አውሮፕላን ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ የ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ቢታወሰው አይፈረድበትም።) በ1943 እ.ኤ.አ. የፖንቴዴራው ፋብሪካ በአየር ድብደባ ፈረሰ። አገሪቱም ተሸንፋ የጦር አውሮፕላን ገበያ ሲጠፋ፣ የድርጅቱ ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጆ ለተራው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ እንዲሠራ ወሰነ።

ሥራው የተሰጠው ለኢንጂነር ኮራዲኖ ዳስካንዮ ነበረ። ይህ ሰው በ1930 እ.ኤ.አ. የሠራው ሄሊኮፕተር 18 ሜትር ከፍ ብሎና 8 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ በአየር ቆይቶ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ የበረራ ሰው ነው። ሞተር ብስክሌት ግን አይወድም ነበር። ካቴናው ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ ሲፈነዳ ለመለወጥ ያስቸግራል ይል ነበር። ስለዚህ ካቴናውን ጨርሶ አስወገደና ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጎን አሰረው። ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን አንጠለጠለው። ሻሲ በመሥራት ፈንታ፣ የተጨመቀው ላሜራ ራሱ ሸክሙን እንዲችል አደረገ። ማርሹን ወደ እጀታው አወጣው። ኤንሪኮ ፒያጆም ባያት ጊዜ ተርብ ትመስላለች አለ፤ በኢጣልያንኛ «ቬስፓ» ማለት ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቷ ተመዘገበ። ሞተሯ 98 ሲሲ፣ ጉልበቷ 3.2 የፈረስ ኃይል፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ።

እንከን የለሽ አልነበረችም። ሞተሩ በአንድ ጎን በመሆኑ ሚዛኗ ያዘነብላል፤ ትንንሾቹ ጎማዎችም ጉድጓድ አይወዱም። ሦስተኛ ጎማ ሲጨመርላት ግን ሌላ ሆነች። በ1948 እ.ኤ.አ. ፒያጆ «አፔ» ማለትም ንብ የተባለችውን ባለሦስት እግር ጭነት ተሸካሚ አወጣ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ቬስፓን በአገሩ ሠራ። ውሉ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲያበቃም የተማረውን ሙያ በራሱ ስም ቀጠለበት። ኢትዮጵያ የገባችው ባጃጅ፣ ማዮም የደረሰችው ራክሻ የዚሁ ዘር ናቸው።

ጥንካሬያቸው ከቀላልነታቸው ይመነጫል። የድሮው ባለሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለውም፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። ሰማያዊ ጭሱ መጥፎ በመሆኑ በኋላ ባለአራት ምት ተተካለት እንጂ፣ ለነጂው ምቹ ነበረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን የማዮ ገበያ ከአየር ተመትቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፖንቴዴራው ፋብሪካ ከፈረሰ 80 ዓመት ሆኖት ነበር። ቬስፓን ያስገኘው የቦምብ ጣይ ሥራ መቆም ነው፤ የቬስፓ ዘር በደረሰችበት ሰፈር ግን ሰማዩ አልተቋረጠም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ጋራዥ ይዘጋል፣ መለዋወጫ ይጠፋል። ካንዴላውን አውልቆ፣ ጥላሸቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ የሚያስር ነጂ ግን የማንንም ጋራዥ መከፈት አይጠብቅም።