የመድረክ ቀለም መሃል መንገድ ላይ ለምን ይበላሻል? ተረትና እውነታ

ሌሊቱ ሊነጋ ነው። መድረኩ ሰማያዊ ለብሷል፤ አዘጋጁ በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ማለዳ ቢጫ እንዲሻገር ይፈልጋል። የመብራት ባለሙያው የመብራት መቆጣጠሪያውን (የኮንትሮለሩን) ቁልፍ ይጫናል፤ ሰማያዊው መውረድ፣ ቢጫው መውጣት ይጀምራል። አምስተኛው ሰከንድ አካባቢ ግን ሌሊትም ማለዳም ያልሆነ፣ የቢሮ መብራት የመሰለ የገረጣ ነጭ ተዋናዮቹ ፊት ላይ ይወድቃል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም ይሰማዋል፤ የትዕይንቱ ስሜት እዚያው ይሰበራል።

ቀጥሎ የሚሰጠው ፍርድ በየአዳራሹ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል»። ኬብል ይነቀላል፣ ይሰካል፤ ኮንትሮለሩ ይጠፋል፣ ይበራል፤ በመጨረሻም አዲስ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ከቀለም ሽግግር ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት መሣሪያው የታዘዘውን አሟልቶ ስለፈጸመ ነው፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

ኮንትሮለሩ ቀለም አይልክም፤ የሚልከው ቁጥር ነው። የአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ዲኤምኤክስ 512 የተባለው ደንብ በአንድ መስመር እስከ 512 ቻናል ያስኬዳል፤ እያንዳንዱ ቻናል የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ፓርካን በሚባል አንድ ተራ የኤልኢዲ መብራት ላይ አንዱ ቻናል ቀዩን፣ ሌላው አረንጓዴውን፣ ሦስተኛው ሰማያዊውን ያዛል። መልእክቱ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ መብራቱ «ደርሶኛል» ብሎ አይመልስም። በኋላ የመጣው አርዲኤም የተባለ ደንብ መልስ መቀበልን ቢያስችልም ኮንትሮለሩም መብራቱም ካላወቁት አይሠራም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «ቀይ 200» ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ተልኳል ማለት ነው፤ መድረኩ ላይ ቀይ በርቷል ማለት አይደለም።

ተረት፦ «መነሻውና መድረሻው ትክክል ከሆነ መሃሉ ራሱን ያስተካክላል።»

የብዙው ችግር ሥር ያለው እዚህ ነው። ሰማያዊውን 0፣ 0፣ 255 እንበለው፤ ቢጫውን ደግሞ 255፣ 255፣ 0። ኮንትሮለሩ ሦስቱን ቁጥሮች በእኩል ፍጥነት ሲያንቀሳቅስ ግማሽ መንገድ ላይ ሦስቱም 127 አካባቢ ይገናኛሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እኩል ሲበሩ ደግሞ የሚወጣው ነጭ ነው። ያ የገረጣ ብርሃን የተወለደው ከዚህ ሂሳብ ነው፤ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ኮንትሮለርም በዚሁ መንገድ ከታዘዘ ያንኑ ነጭ ያወጣል። ተቃራኒ በሆኑ ቀለሞች መካከል ሁሉ፣ ለምሳሌ ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ ሲታለፍ፣ የሚሆነው ይኸው ነው።

መድረሻው ከቢጫ ይልቅ ብርቱካናማ ቢሆንስ? 255፣ 140፣ 0 ብንለው ግማሽ መንገድ ላይ 127፣ 70፣ 127 እናገኛለን፤ ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ነው። ለንጋት ትዕይንት ይህ ያምራል፤ እኔ ብሆን አልነካውም። መሃሉ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ።

መሃሉ ካልተወደደ መውጫው ብዙ ነው። ቀላሉ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ትዕይንት መመዝገብ ነው፤ 200፣ 40፣ 90 የሚሆን ሮዝ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ቢቀመጥ ነጩ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ጊዜ መስጠት የሚችል ኮንትሮለር ካለ ደግሞ ሰማያዊው በ4 ሰከንድ ወርዶ ሊያልቅ፣ ቢጫው ሦስተኛው ሰከንድ ላይ መውጣት ሊጀምር ይችላል፤ መድረኩ ከመንጋቱ በፊት ትንሽ ይጨልማል፤ ይህም ከእውነተኛው ንጋት ብዙ አይርቅም። እንደ ኢቲሲ ኢኦስ ያሉ ትልልቅ ኮንትሮለሮች ቀለሙ በየትኛው መንገድ እንዲያልፍ መምረጥ ያስችላሉ፤ በቀለም ክብ ዙሪያ መሄድ አንዱ ምርጫ ነው። ሆኖም ክቡ ላይ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚያደርሱ ሁለት አቅጣጫዎች አሉ፤ አንዱ በአረንጓዴ፣ ሌላው በማጀንታና በቀይ በኩል ያልፋል። በአረንጓዴው ያለፈ እንደሆነ የተዋናዮቹ ፊት የታመመ ይመስላል። አቅጣጫውን ሰው መምረጥ አለበት።

ተረት፦ «መሃል ላይ የሚደበዝዘው ኤሌክትሪኩ ስለሚያንስ ነው።»

ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲታለፍ ግማሽ መንገድ ላይ ብርሃኑ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። መብራት ኃይልን ከመውቀስ በፊት የፓርካኑን ሜኑ መክፈት ይሻላል። ብዙ ኤልኢዲ መብራቶች የዲመር ከርቭ የሚባል ምርጫ አላቸው። ሊኒየር ላይ ከሆነ 50 በመቶ ሲታዘዝ 50 በመቶ ብርሃን ይሰጣል። ስኩዌር ሎው ላይ ከሆነ ግን 50 በመቶ ሲታዘዝ የሚሰጠው 25 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ የተደረገው ለዓይናችን ሲባል ነው፤ ዓይን ሩቡን ብርሃን እንደ ግማሽ ስለሚቆጥር አንድ ቀለም ብቻውን ሲወርድ በጣም ያምራል። ሁለት ቀለሞች ሲተላለፉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም 25፣ 25 ብቻ ይሰጣሉ፤ ድምሩ ከመነሻው ግማሽ ነው። መድረኩ ጭልም የሚለው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው መሃል ላይ ሁለቱንም ቀለሞች 180 አካባቢ ያደረገ ትዕይንት ማስገባት ነው፤ በስኩዌር ሎው 180 ከሙሉው ብርሃን ግማሽ ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ ይሞላል። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፤ በአንድ ረድፍ ከተሰቀሉት ፓርካኖች አንዱ ሊኒየር ሌላው ስኩዌር ሎው ላይ ከሆነ በአንድ ትእዛዝ እየሄዱ አንዱ የቀደመ፣ ሌላው የዘገየ ይመስላል። ረድፉ ሁሉ አንድ ከርቭ ላይ መሆን አለበት።

ተረት፦ «የፌድ (የሽግግር) ጊዜ ከሰጠሁ ሁሉም ነገር በዚያ ጊዜ ይሸጋገራል።»

በሠርግ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት መድረክና በትንንሽ አዳራሾች የምትታየውን ባለ 192 ቻናል ኮንትሮለር እንውሰድ፤ ለ12 መብራት፣ ለእያንዳንዱ 16 ቻናል የምትሰጠዋን። የፌድ ማንሸራተቻዋን ወደ ላይ ገፍተውም ቀለሙ ድንገት «ጧ» ብሎ ይቀየራል። ሰው ተስፋ ቆርጦ «ይቺ ፌድ አትችልም» ይላል። ከእነዚህ ኮንትሮለሮች በብዙዎቹ ውስጥ ግን የፌድ ጊዜው በማን ላይ እንደሚሠራ የሚወስን ድብቅ ምርጫ አለ፤ በሁሉም ቻናሎች ላይ፣ ወይም ሙቪንግ ሄድ የሚባለውን ራሱን የሚያዞር መብራት በሚያንቀሳቅሱት ቻናሎች ላይ ብቻ። ሁለተኛው ላይ ከሆነ ቀለም ለዘላለም እየዘለለ ይኖራል። ምርጫው የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ኮንትሮለሩ ሲበራ ሁለት ቁልፎችን አብሮ በመያዝ ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ስንቱ ኮንትሮለር በዚህ ምክንያት መጋዘን ገብቶ ይሆን ብዬ አዝናለሁ።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ መሸጋገር የሌለበት ነገር አብሮ ይሸጋገራል። ብዙ ፓርካኖች ከቀለሞቹ ሌላ የስትሮብ (ብልጭ ድርግም ማድረጊያ) እና የማክሮ (የተዘጋጀ ፕሮግራም) ቻናል አላቸው። የስትሮቡ ቁጥር ከ0 ወደ 200 በአምስት ሰከንድ እንዲሄድ ከተደረገ በመንገዱ ያሉትን ፍጥነቶች ሁሉ እየነካ ያልፋል፤ መድረኩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የማክሮ ቻናሉ ከ0 ከወጣ ደግሞ በብዙ መብራቶች ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ትእዛዝ አይሰማም፤ መብራቱ በራሱ ፕሮግራም መሄድ ይጀምራል። ስትሮብ፣ ማክሮና ሞድ የሚባሉ ቻናሎች በቅጽበት እንዲዘሉ፣ ቀለምና ብርሃን ብቻ እንዲንሸራተቱ አድርጎ መመዝገብ ይገባል።

የቀለም ጎማ ብቻ ካለው ሙቪንግ ሄድም ለስላሳ ሽግግር አይጠበቅም። ጎማው ላይ ያሉት ቁርጥ ባለቀለም መስታወቶች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ግማሽና ግማሽ ሆኖ ይታያል እንጂ አይዋሃድም። እንዲህ ያለውን መብራት ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ለውጦ ማብራት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ተረት፦ «ፌዱ በዘገየ ቁጥር ይለሰልሳል።»

አንድ መብራት በ60 ሰከንድ ከ0 ወደ 20 በመቶ እንዲወጣ ታዘዘ እንበል። 20 በመቶ ማለት 51 ነው። በ60 ሰከንድ ውስጥ 51 እርምጃ ብቻ አለ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቆማል። ከ1 ወደ 2 መሄድ ደግሞ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ዓይን በጨለማ ውስጥ ይህን በደንብ ያየዋል። ውጤቱ ደረጃ በደረጃ የሚዘል ብርሃን ነው። ከ0 እስከ 255 በአምስት ሰከንድ ቢሄድ ግን በሰከንድ 51 እርምጃ ስለሚሆን ዓይን አይለየውም።

በዝቅተኛ ብርሃን ቀለሙም ይሸሻል። ፍም የመሰለ 255፣ 60፣ 10 ወደ 2 በመቶ ሲወርድ 5፣ 1፣ 0 ይሆናል፤ ሰማያዊው ጠፋ፣ ድብልቁ ተለወጠ። ስለዚህ ረዥምና ጨለማ ሽግግር ያለበት ቴአትር የሚሠራ ሰው መብራቱን በ16 ቢት ሞድ ቢያስገባው ይሻላል፤ በ256 ፋንታ 65,536 ደረጃ ያገኛል፤ ዋጋው ለአንድ ነገር ሁለት ቻናል መውሰዱ ነው። ይህ የሌለው መብራት ሜኑው ውስጥ የዲመር ፍጥነት ወይም ማለስለሻ ካለው እሱን መሞከር ይቻላል።

ተረት፦ «የጠፋ መብራት ቀለም የለውም።»

መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ቀለሙ ቀይ ላይ ቆሟል። ቀጣዩ ትዕይንት በአምስት ሰከንድ ሰማያዊ ይዞ እንዲወጣ ተመዝግቧል። ብርሃኑ ሲወጣ ቀለሙም ከቀይ ወደ ሰማያዊ እየተጓዘ ስለሆነ ተመልካቹ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ማጀንታ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ያያል። በተሻሉ ኮንትሮለሮች ላይ ማርክ ወይም ሙቭ ኢን ብላክ የሚባለው አሠራር ቀለሙን በጨለማ ያዘጋጃል። በትንሿ ኮንትሮለር ላይ ደግሞ ዲመሩ 0፣ ቀለሙ ግን ሰማያዊ የሆነ የመዘጋጃ ትዕይንት ቀድሞ መመዝገብ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ፤ ያለፈው ቀለም አልወጣ ማለት። ፓርካኑ እንደ ሦስት ተራ ዲመር ከተመዘገበ ብዙ ኮንትሮለሮች ከሁለት ትእዛዝ ትልቁን ቁጥር ይወስዳሉ። ቀዩ ፌደር ሳይወርድ አረንጓዴው ከወጣ ሁለቱም ይቆያሉ፤ መድረኩ ቢጫ ይሆናል። በትክክለኛው የመብራት ዓይነት ሲመዘገብ ግን ለቀለም የሚሠራው የመጨረሻው ትእዛዝ ነው።

ተረት፦ «ኬብል ኬብል ነው።»

አይደለም። ደንቡ ለዲኤምኤክስ ያዘዘው ባለ 5 ፒን መሰኪያ ነው፤ ርካሽ መብራቶች ግን ከማይክ ጋር አንድ የሆነውን ባለ 3 ፒን ስለሚጠቀሙ የማይክ ኬብል ያለ ከልካይ ይሰካል። አጭር ርቀት ላይ ይሠራል፤ መስመሩ ሲረዝም ያስቸግራል። የመጨረሻው መብራት ላይ በፒን 2ና 3 መካከል ባለ 120 ኦም ተርሚኔተር መሰካት አለበት፤ ይህም በብዙ ቦታ የለም።

ነገር ግን የኬብል ችግር መልኩ ሌላ ነው። ብልጭታ፣ ድንገተኛ ዝላይ፣ አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ ነገር ከመስመሩ ይመጣል። በየቀኑ በዚያው ሽግግር፣ በዚያው ሰከንድ፣ በዚያው ቀለም የሚደገም ስህተት ግን ከምዝገባው ነው፤ ኬብል ሲቀያይሩ መዋል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት ብራንድ መብራት ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጥም፤ በዓይን እያዩ ማመሳሰል ግድ ነው። ኤልኢዲ መብራት ደግሞ ለድሮው ሃሎጅን በተሠራ ዲመር ሶኬት ላይ አይሰካም፤ በቀጥታ መስመር ብቻ። መብራቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ሊቃጠል ይችላል።

ችግሩን የሚፈልግ ሰው ከአንድ መብራት ይጀምር። ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን አንድ በአንድ በእጁ ያንሸራት። ቀዩ ሲታዘዝ ሌላ ነገር ከበራ አድራሻው ወይም ሞዱ ተሳስቷል። በእጅ ሲያንሸራትት ለስላሳ ከሆነና በትዕይንት ብቻ ከዘለለ የጊዜ ምርጫው ላይ ይመልከት። በእጅም በትዕይንትም መሃሉ ከተበላሸ መንገዱን ይለውጥ።

ለአዘጋጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በቴክኒክ ልምምድ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ይዘለላል፤ የሚታየው የሽግግሩ መጨረሻ ብቻ ነው፤ መሃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ትኬት የገዛው ተመልካች ይሆናል። እባካችሁ ከመጋረጃው መከፈት በፊት እያንዳንዱን ሽግግር ተዋናይ መድረክ ላይ ቆሞ፣ በሙሉ ጊዜው፣ ከተመልካች ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት። ለመብራት ባለሙያውም ለማስተካከያ የሚሆን ሰዓት ስጡት።