ትራክተሩ የት ይግባ?

ከነጌሌ ቦረና ወጣ ብሎ የሊበን ሜዳ ተዘርግቷል። ሣር የለበሰ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ያየ ሁሉ «ይኼማ ለትራክተር ነው» ማለቱ አይቀርም። ካርታውም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ይላል። እስቲ አብረን እንሥራውና እንየው።

የመሬት ተስማሚነት ካርታ የሚሠራው መረጃ በመረጃ ላይ እየተነባበረ ነው። አንደኛው ተዳፋት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የምድርን ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለካች፤ መረጃው ዛሬ ለማንም በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተዳፋቱን ያሰላል። ብዙ ጊዜ ከመቶ 8 በታች የሆነው ለትራክተር ምቹ ተብሎ ይመደባል። የሊበን ሜዳ ይህንን በቀላሉ ያልፋል።

ቀጥሎ አፈር፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። በቦረና ቆላ ከፍ ያለው ቦታ በአብዛኛው አሸዋ የቀላቀለ ቀይ አፈር ሲሆን ረባዳው ላይ ጥቁሩ መረሬ ይተኛል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ማረሻ አያስገባም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ጎማ ይውጣል። እርጥብ ሳለ ከባድ ትራክተር ከተመላለሰበት ደግሞ ከሥር ይጠቀጠቅና ውሃም ሆነ የሰብል ሥር አያሳልፍም። ቀዩ አፈር ለማረስ ይቀላል፤ በዲስክ ማረሻ ደጋግመው ከገለበጡት ግን ነፋስ ይወስደዋል። መኪናው መሬቱን መቻሉ አንድ ጥያቄ ነው፤ መሬቱ መኪናውን መቻሉ ሌላ።

ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የምዘና መመሪያ መሬት «ተስማሚ» የሚባለው ለታሰበው አገልግሎት ሳይጎዳ መዝለቅ ሲችል ነው።

ዝናቡን እንጨምር። ቦረና ሁለት ወቅት አለው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው «ገና» እና የገናን ያህል የማይታመነው የጥቅምትና የኅዳሩ «ሀገያ»። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በዚያ ጊዜ የታረሰ ሜዳ በቆሎም አይሰጥ፣ ሣሩም የለ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ብዙ ካርታ ሠሪ ለእያንዳንዱ መረጃ ክብደት ሰጥቶ ይደምራል። ድምር ግን ያታልላል፤ ሜዳነቱ ያስገኘው ነጥብ ሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ የማይነኩ ቦታዎች አይደመሩም፤ በዜሮ ይባዛሉ፣ ያን ጊዜ ከካርታው ይወጣሉ።

በሊበን ዜሮ የሚገባው ለማን ነው? በቅድሚያ ለካሎ፤ ማኅበረሰቡ ለድርቅ ጊዜ አጥሮ ለሚያቆየው የግጦሽ መሬት። ከዚያ ለሊበን ላርክ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ሜዳ ላይ ለሳይንስ የታወቀች፣ በሣሩ መሐል መሬት ላይ ጎጆዋን የምትሠራ፣ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ትንሽ ወፍ። ሣሩን ከሚያሳጧት ነገሮች አንዱ እርሻ ነው።

ሳተላይት ሣሩን ያሳያል፤ የካሎው ወሰን የትኛው ዛፍ ጋ እንደሚያበቃ ግን አያውቅም። ያንን መስመር ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በእግር እየሄዱ በጂፒኤስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህም ትራክተሩ ከመገዛቱ በፊት።