መለኪያውን ማን ይለካዋል?

በመኖሪያ ቤት ውስጥ ባሕር ማኖር ይቻላል ቢባል አንዳንዱ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ሰዎች በሳሎናቸው ጥግ የመስታወት ሣጥን አቁመው፣ የጨው ውኃ ሞልተው፣ ኮራል ከነዓሣው ያሳድጋሉ። ኮራል ለተመልካቹ አበባ ወይም ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ እኛን በሚቀርበው በቀይ ባሕርም በብዛት ይገኛል።

እስቲ እንዲህ ያለ ሣጥን ያለው አንድ ሰው እናስብ። ሣጥኑ 200 ሊትር ውኃ ይይዛል። ሰውየው የውኃውን ጨው በየሳምንቱ የሚለካ፣ የለካውንም በደብተር የሚጽፍ ጠንቃቃ ሰው ነው። አንድ ቀን መለኪያው 33 አሳየው፤ መሆን የሚገባው 35 ነውና ጉድለቱን ለመሙላት 400 ግራም ያህል ጨው ጨመረ። በማግሥቱ ኮራሎቹን ተኮማትረው አገኛቸው። ለካ ውኃው ቀድሞውንም ትክክል ኖሮ የተሳሳተው መለኪያው ነው! ሰውየው ኮራሎቹን የጐዳው በስንፍናው ሳይሆን በትጋቱ ነው።

ለመሆኑ ይህ 35 ምንድን ነው? አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፣ የሚገባበትም ወንዝ ስለሌለ እስከ 40 ይደርሳል። የኮራል ሰውነት እንደ እኛ የውስጡን ጨው ከውጭው ለይቶ መጠበቅ አይችልም፤ ውኃው ሲጨውበት እሱም አብሮ ይጨዋል። ባሕር ሰፊ ስለ ሆነ ጠባዩ በቶሎ አይለወጥም። ከ200 ሊትር ሣጥን ግን 10 ሊትር ቢተን፣ ውኃው ይሄዳል እንጂ ጨው አይሄድምና 35 የነበረው ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው በንጹሕ ውኃ ነው፤ መለኪያም የግድ ያስፈልጋል።

ጨውን ከውኃ ለይቶ መመዘን አስቸጋሪ ስለ ሆነ የምንለካው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። ዲትማር የተባለው ኬሚስት፣ «ቻሌንጀር» የተባለችው መርከብ ከልዩ ልዩ ውቅያኖሶች ያመጣቻቸውን 77 ናሙናዎች መርምሮ፣ ጨዉ ቢበዛም ቢያንስም የየማዕድኑ ድርሻ ከሞላ ጐደል አንድ መሆኑን በ1884 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስታወቀ። እንግዲህ የባሕር ውኃን ክብደት፣ ብርሃን ማጠፉን ወይም ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ያወቀ ሰው ጨዉንም ያውቃል ማለት ነው። መሣሪያዎቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሃይድሮሜትር ነው። በጋራዥ የባትሪ አሲድ ሲለካ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃው በከበደ መጠን ተንሳፋፊው ከፍ ይላል። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ወደ ላይ ያነሣውና ጨዉን አብዝቶ ያሳያል። ጨው ከደረቀበት ደግሞ ይከብድና አሳንሶ ያሳያል። ውኃው መሣሪያው ከተሠራበት የሙቀት ደረጃ በላይ ከሞቀም ስለሚቀል አሁንም አሳንሶ ያሳያል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ሲለኩ አረፋውን ማስለቀቅ፣ ሙቀቱን ማየት፣ ለክተው ሲጨርሱም ወዲያው በንጹሕ ውኃ ማጠብ።

ሁለተኛው ሪፍራክቶሜትር ነው። ጥቂት ጠብታ በፕሪዝሙ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን አቅንቶ የሚታይ መሣሪያ ነው። ጠብታው የመሣሪያውን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል። ብዙ ሰዎች በንጹሕ ውኃ ዜሮ ላይ ካስተካከሉት በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

ተማሪዎቼ «ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ ሌላው ቁጥር ላይ እንዴት ይሳሳታል?» ቢሉኝ በሰዓት እመስልላቸዋለሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ያስተካከላችሁት ሰዓት በዚያች ደቂቃ እውነተኛ ነው። በየሰዓቱ 5 ደቂቃ የሚዘገይ ከሆነ ግን ሠራተኛ ከቢሮ በሚወጣበት በ11 ሰዓት 45 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። መለኪያም የሚፈተነው በሚሠራበት ቁጥር አጠገብ ነው፤ ለኮራል 35 ላይ ማለት ነው። ከዚህም በቀር ከርካሾቹ ሪፍራክቶሜትሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ለገበታ ጨው ውኃ ስለ ሆነ፣ ትክክለኛውን የባሕር ውኃ 36.5 ብለው ያነቡታል። ባለቤቱ ይህን አምኖ እስከ 35 ቢያቀጥነው እውነተኛው ጨው ወደ 33.5 ይወርዳል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው። 35 የሆነ የባሕር ውኃ በ25 ዲግሪ ሙቀት 53 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ያህል ያሳያል። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ንባቡ 2 በመቶ ያህል ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱን የማያርም መሣሪያ አይታመንም። በጫፉ መካከል የተደበቀ አረፋም ጨዉን አሳንሶ ያሳያል።

ታዲያ መለኪያውን ማን ይለካዋል? ይህን ጥያቄ ሊቃውንቱም ጠይቀውታል። የዴንማርኩ ማርቲን ክኑድሰን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፣ ጨዉ በጥንቃቄ የታወቀ የባሕር ውኃ በመስታወት ብልቃጥ ታሽጎ ለየአገሩ ላቦራቶሪ ማመሳከሪያ እንዲሆን አዘጋጀ። ዛሬም ይህን የመሰለ ውኃ ይዘጋጃል፤ ለቤት አገልግሎት የሚሆነውም በብልቃጥ ይሸጣል።

ለሪፍራክቶሜትር ግን በቤትም ማዘጋጀት ይቻላል። 36.5 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም የተጣራ ውኃ ውስጥ ቢሟሟ ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ እንደ 35 የባሕር ውኃ ነው። መሣሪያውን በዚህ ውኃ 35 ላይ ማስተካከል ነው። ይህ ልክ ለሌሎቹ ሁለት መሣሪያዎች አይሆንም። ሚዛኑም የታመነ ይሁን፤ አንድ ግራም ጨው ቢሳሳት ንባቡ በአንድ ቁጥር ያህል ይዛባል። ብልቃጡ በደንብ ካልተከደነም ውኃው እየተነነ ራሱ ማመሳከሪያው ሐሰተኛ ይሆናል።

እንግዲህ ያ ጠንቃቃ ሰው መለኪያው 33 ሲለው ምን ማድረግ ነበረበት? ከጨው ከረጢቱ በፊት የማመሳከሪያውን ብልቃጥ ማንሣት ነበረበት። ብልቃጡ 35 ላይ ከተነበበ ጉድለቱ የውኃው ነውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይሙላው። ብልቃጡም 33 ከተነበበ ግን የሚታረመው መሣሪያው ነው፤ ኮራሎቹ በሰላም ይቀመጡ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በወር አንድ ጊዜና ንባቡ ባጠራጠረ ቁጥር ቢሠራ ብዙ ነፍስ ያድናል።