ትምህርት በስልክ ከመላኩ በፊት ተማሪውን ስለ ማወቅ

በስልክና በኢንተርኔት የእርሻ ትምህርት መስጠት ከተጀመረ ወዲህ፣ መምህሩና ተማሪው ሳይተያዩ ብዙ ቃል ይተላለፋል። የዚህ ነገር ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ፊት ለፊት የሚያስተምር ሰው የተማሪውን ፊት አይቶ ቃሉ እንዳልገባው ያውቃል፤ ወደ ኋላም ተመልሶ ይደግምለታል። የተቀዳ ድምፅ ግን ማንንም አያይም፤ የተሳሳተ እንደ ኾነ ስሕተቱን ለሺህ ሰው እኩል ይነግራል። ስለዚህ ፊት በማየት ይገኝ የነበረው ዕውቀት ትምህርቱ ሳይዘጋጅ በፊት በጥያቄ ተፈልጎ መገኘት ይገባዋል፤ ይህንም ሊፈጽም የሚችለው ለገበሬው ቅርብ የኾነው የወረዳና የቀበሌ ሹም ነው።

በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የኔታ መቶ ተማሪ ቢኖራቸው ለመቶው አንድ ትምህርት አይሰጡም። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፣ አንዱ ንባብ ያነባል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፤ እያንዳንዱም የትናንቱን በቃሉ ሳያሰማ የዛሬው አይጨመርለትም።

ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚኾን በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ገበሬው ተምችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። እርሱ የሚያውቀው ተምች ግን ከዝናብ በኋላ ድንገት በጭፍራ የሚነሣ፣ ከሣር ወደ አዝመራ እየተጓዘ ያገኘውን የሚያጭድ ነው። የመጤው ጠባይ ሌላ ነው። እናቲቱ የእሳት ራት በሌሊት በርራ መጥታ በበቆሎው ቅጠል ላይ እንቁላሏን ባንድነት ትጥላለች፤ ትሉም ተፈልፍሎ ወደ በቆሎው እምብርት ይገባና ቀኑን በዚያ ተሸሽጎ ይበላል። እንግዲህ የተቀዳው ድምፅ «ተምች መጥቷልና ማሳችሁን ጠብቁ» ብቻ ቢል ሰሚው ምን ያደርጋል? ወደ ግጦሹ ሄዶ ጭፍራ ይፈልጋል፤ ጭፍራም ስለማያገኝ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በቆሎው ግን ከውስጥ ያልቃል። በቃሉ ሐሰት የለበትም፤ ሰሚውም ሰነፍ አይደለም። ጥፋቱ፣ «ተምች» ሲባል ገበሬው በልቡ የሚያየው ምን እንደ ኾነ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ተጠይቆ ቢኾን ትምህርቱ ገበሬው ከሚያውቀው ይነሣ ነበር፤ ይኸውም፦ የምታውቁት ተምች በጭፍራ ይሄዳል፣ ይህ ግን በየአገዳው ይሸሸጋል፤ ማለዳ ወይም ማምሻ ወደ በቆሎው ገብታችሁ ቅጠሉን ግለጡ፤ እንደ መጋዝ ዱቄት ያለ ኩስ ብታገኙ ከሥሩ ትሉን ፈልጋችሁ በእጃችሁ ልቀሙ፤ የሚል ይኾናል። የትሉም ምልክት በባዕድ መጽሐፍ «በራሱ ላይ የተገለበጠ ዋይ አለ» ተብሎ ተጽፏል። የላቲን ፊደል ላላየ ሰው ይህ ከንቱ ቃል ነው። «እንደ ተገለበጠ ባላ ያለ ነጭ መስመር» ቢባል ግን ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ኹሉ ይረዳዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰበው፣ ድምፁ በማን ጆሮ እንደሚወድቅ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባለውን የስልክ መስመር ባቆመ ጊዜ፣ ምክሩ በድምፅና ያለ ክፍያ፣ ከአንድ በሚበልጥ ቋንቋ እንዲሰማ አደረገ። ማንበብ የማይችለውንና ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውን ሰው ያሰበ ሥራ ስለ ኾነ መልካም አሳብ ነበር። ኾኖም በቤቱ ስልክ አለ ማለት ስልኩ በኹሉ እጅ ይገባል ማለት አይደለም። በብዙ ቤት ስልኩ የሚውለው በባልየው ኪስ ነው፤ ዘሩን የምትለየው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው፣ ዶሮዎቹን የምታረባው ሚስቲቱ ናት። ስለ ነቀዝ የተዘጋጀ ትምህርት በቀትር ቢላክ፣ የሚሰማው ጎተራውን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ይኾናል። ስለዚህ «ስልክ አላችሁን?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ቀን ከማን ጋር ይውላል? ማታስ የት ያድራል?» ማለት ያስፈልጋል።

ጤፍን በመስመር ስለ መዝራትም እንዲሁ ነው። በእጅ የሚበትን ገበሬ ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ዘር ይፈጃል፤ በመስመር ለሚዘራ ግን 5 ኪሎ ገደማ እንዲበቃው ይመከራል። ነገር ግን ገበሬው መሬቱን የሚቈጥረው በጥማድ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ያህል በሚኾንበት አገር «ለአንድ ጥማድ ከአንድ ኪሎ ጥቂት አለፍ ይበል» ቢባል ስሌቱን መምህሩ ሠርቶለት አደረ ማለት ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ። የገበሬው ጥያቄ «እንዴት ይዘራል?» ሳይኾን «ማን ይዘራዋል?» የሚል ነው። የመስመር ሥራ በሐምሌ ጭቃ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት፣ ደቦ ጠርቶ የሚያበላው የሌለው ሰው፣ ስለ ምርቱ ብዛት አሥር ጊዜ ቢነገረው አይንቀሳቀስም። እንደዚህ ላለው ሰው፣ ለጊዜው ከማሳው ጥቂቱን ብቻ በመስመር እንዲሞክር የሚመክር ትምህርት ይሻለዋል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ራሳቸው ተማሪዎች መኾናቸው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኔትዎርክ ከኮረብታው ራስ ላይ እንጂ ከቤቱ የማይገኝለት ሠራተኛ አለ፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ከደመወዙ የሚገዛም አለ። ለነዚህ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ መላክ ምንም እንዳልላኩ ነው። ትምህርቱ በአጭር በአጭሩ ተቈርጦ፣ ሪፖርት ይዘው ወደ ወረዳ ከተማ በሚመጡበት ቀን ወደ ስልካቸው እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል።

ስለ አጠያየቁ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሞዴል አርሶ አደሮችን ብቻ ሰብስቦ መጠየቅ ልማድ ኾኗል፤ እነርሱ ግን ለእንግዳ መልስ መስጠትን የለመዱ ስለ ኾኑ የሚሰማው ኹልጊዜ ያው ነው። ከመንገድ የራቀው፣ እማወራዋ፣ በሰው መሬት የሚያርሰው ወጣት ይጠየቁ። ደግሞም ለሹም «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ ባላገር ጥቂት ነውና «ገብቶዎታልን?» ማለት አይጠቅምም። የተቀዳውን አሰምቶ «አባባ፣ እስቲ ይህን ለጎረቤትዎ እንደሚነግሩት አድርገው ይንገሩኝ» ቢባል፣ የጎደለው ቃል ወዲያው ይታወቃል።

ጥያቄው በሚያዝያና በግንቦት፣ በገበያ ቀን ወይም በበዓል ቀን ቢፈጸም ይመረጣል፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ገበሬው ከሞፈሩ አይለይም። መልሱም ወደ ጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሳይለወጥ፣ ገበሬው በተናገረበት ስም ተጽፎ ትምህርቱን ለሚያዘጋጀው ክፍል ይላክ፤ በአንዱ ወረዳ ለአንድ ትል የሚሰጠው ስም በሌላው ወረዳ የሌላ ትል ስም ሊኾን ይችላልና።