ከስብ የሚገኙ ሕዋሳትና የትከሻ ጅማት ጥገና

ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው። ሰው እጁን ወደ ላይ የሚያነሣው፣ ወደ ኋላም የሚያዞረው በዚህ መገጣጠሚያ አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ስፍራ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። ስለዚህ አጥንቱ ከቦታው እንዳይናወጥ አራት ጡንቻዎች ዙሪያውን ከበው ይይዙታል። የጡንቻዎቹም ጫፍ ጠንካራ ጅማት ሆኖ ከአጥንቱ ራስ ጋር ይያያዛል።

እነዚህ ጅማቶች በአደጋ ወይም በዕድሜ መግፋት ምክንያት ይበጠሳሉ። ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ፀጉሩን ማበጠርና ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ሊቸግረው ይችላል፤ ሌሊትም ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣዋል። በእጁ ጉልበት ለሚተዳደር ሠራተኛ ደግሞ ጉዳቱ እንጀራውን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ሐኪሞች የተበጠሰውን ጅማት ወደ አጥንቱ ስበው ይሰፉታል። ኧርነስት ኮድማን የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ስለዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ነገር ግን መስፋትና መዳን አንድ አይደሉም። ክር ጅማቱን ከአጥንቱ አጠገብ ያቆየዋል እንጂ ከአጥንቱ ጋር አያዋሕደውም፤ የሚያዋሕደው ሰውነት ራሱ ነው። ሰውነትም የቀድሞውን መያያዣ እንደነበረ መልሶ አይሠራም፤ በእርሱ ፋንታ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳውም ደካማ ስለሆነ ጅማቱ እንደገና ሊበጠስ ይችላል።

ይህን ችግር ለማቃለል ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ስብ መልሰዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ፓትሪሺያ ዙክና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ከሰው ስብ የሚገኙ አንዳንድ ሕዋሳት የአጥንትን ወይም የጡንቻን ጠባይ ሊይዙ እንደሚችሉ አሳዩ። ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እነዚህም ሕዋሳት ልዩ ልዩ ዓይነት ሕዋሳትን ስለሚያስገኙ ግንደ ሕዋሳት ይባላሉ። ለሕክምና ሲፈለጉ በመጀመሪያ ከሆድ ወይም ከዳሌ ጥቂት ስብ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል። ቀጥሎም ስቡ በኤንዛይም ይበታተናል፤ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያም ሕዋሳቱ ይለያሉ። በመጨረሻ ጅማቱ በተሰፋበት ስፍራ ይጨመራሉ። ሕዋሳቱ የሚረዱት ራሳቸው ጅማት በመሆን ብቻ ሳይሆን፣ ብግነትን የሚያበርዱና ጥገናን የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ጭምር እንደሆነ ይታመናል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት ታካሚዎች ያሉባቸውን ሁለት ቡድኖች አወዳድረው ነበር። ስፌት ብቻ ከተደረገላቸው መካከል በ28.5 በመቶው ጅማቱ እንደገና ተበጥሶ ተገኘ። ከስፌቱ ጋር ሕዋሳት በተጨመሩላቸው ዘንድ ግን ቁጥሩ 14.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሆኖም በሕመም መቀነስና በክንድ እንቅስቃሴ ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይህ ውጤት ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ከስብ የሚገኙት ሕዋሳት ጅማቱ እንዲጸና ሊረዱ እንደሚችሉ ያመለክታል። ሁለተኛ፣ በምስል ደኅና መስሎ የሚታይ ጅማት ሁሉ የተሻለ ክንድ ማለት እንዳልሆነ ያስገነዝባል። ታካሚዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ በዕጣም አልተመደቡም። ስለሆነም ሕክምናው የተረጋገጠ መድኃኒት ነው ከማለት በፊት ብዙ ሰዎችን ያካተተና በዕጣ የተመደበ ምርመራ ያስፈልጋል። ተስፋ ምርምርን ያነሣሣል፤ ሕመምተኛውን ከከንቱ ወጪና ከጉዳት የሚጠብቀው ግን ማስረጃ ነው።