ማዲያት፣ ብርድ ወይስ ሉፐስ?

አንዲት ሴት ፊቷ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲወጣ ማዲያት ነው ትላለች። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ሲሏት ብርድ ይሆናል፤ ድካሙ የሥራ ብዛት፣ የፀጉሯ መርገፍ የሹሩባው መጥበቅ። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ግምት ልክ ሊሆን ይችላል። በወራት ልዩነት በአንዲት ሴት ላይ ሲደራረቡ ግን ሉፐስ መጠርጠር አለበት።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ጀርምን ትቶ በገዛ አካል ላይ የሚዘምትበት ሕመም ነው። አይተላለፍም። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ15 እስከ 44 ባለው ዕድሜ ነው።

የሉፐስን የፊት ሽፍታ ቀረብ ብለው ሲያዩት የራሱ አቀማመጥ አለው። በአፍንጫ ላይ ተሻግሮ ሁለቱን ጉንጮች ይይዛል፤ ከአፍንጫ ሥር ወደ ከንፈር ዳር የሚወርደውን እጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል፤ ከማዲያት ጋር የሚያምታታውም ይኸው ነው። ሁለቱም በፀሐይ ይብሳሉ። ማዲያት ግን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አያስከትልም፤ ላንቃ ላይ የማያም ቁስልም አያወጣም።

ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ በ25 ዓመቷ ስትታመም መጀመሪያ የተነገራት የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሆነ ነበር። አባቷ በሉፐስ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች ነው። እሷም በ1964 በ39 ዓመቷ በዚሁ በሽታ አረፈች።

በጣም የሚያሳስበው ኩላሊት ነው፤ እየተጎዳ ዝም ሊል ይችላልና። አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ሽንት፣ ጠዋት የሚያብጥ የዓይን ዙሪያ፣ ጫማ የሚያስጠብብ የእግር እብጠት፣ ያለ ዕድሜ የመጣ የደም ግፊት ካሉ ቀጠሮ ማራዘም አይገባም። ዘፋኟ ሰሊና ጎሜዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የጓደኛዋን ኩላሊት የተቀበለችው ሉፐስ የራሷን ስለጎዳባት ነው።

ምርመራው ከቀላል የሽንትና የደም ምርመራ ይጀምራል። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ኔጌቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ግን አያረጋግጥም፣ በጤነኛ ሰው ላይም ይገኛልና። ስለዚህ ሉፐስ የተጠረጠረባት ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ የዕለቱን ሕመም ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ወራት ሽፍታ፣ ቁስልና ትኩሳት፣ ጽንስ ወርዶባት ከሆነም እሱን ሁሉ መናገር አለባት። የጠፋ ሽፍታ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ከነበረ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሉፐስ ጨርሶ ባይድንም ይታከማል። ቀድሞ ለወባ ይሰጥ የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬ የሕክምናው መሠረት ነው፤ በእርግዝና ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ስላረገዘች ብቻ ሐኪሟን ሳታማክር ክኒኑን የምታቆም ሴት በሽታውን ልትቀሰቅስ ትችላለች።